የጅማ እንጨት ጠራቢዎች ዜና

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1878 ዓ.ም. አባ ጅፋር ዳግማዊ በአባታቸው በአባ ጎሞል እግር ተተክተው በጅማ ነገሡ። መናገሻቸው ጅሬን ኮረብታው ላይ ነበረ፤ በአቅራቢያው በሂርማታም ታላቅ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ይቆም ነበር። ሸዋ ጎጃምን ካሸነፈበት ከእምባቦ ውጊያ ወዲህ የሸዋ ኃይል በበረታ ጊዜ እናታቸው ጌኔ ጉሚቲ መክረዋቸው ለንጉሥ ምኒልክ ገበሩ፤ አገራቸውም በራሳቸው እጅ ቆየች።

በ1886 የላኩት ግብር ይህ ነው፦ የዝሆን ጥርስ፣ በቀርከሃ የተሞላ ዝባድ፣ በርሜል ማር፣ የጅማ ሸማ፣ ጦር፣ በብር የተለበጠ ጋሻ፣ ደግሞም የእንጨት ዕቃ። ባሮችም ነበሩበት፤ ሰው ከማር ጋር መቈጠሩን ዜና ጸሓፊ ሊሰውረው አይገባም። የጠራቢዎቹንም ስም የጻፈ የለም፤ ስለዚህ ሥራቸውን እጽፋለሁ።

ጠራቢው በርጩማ ሊሠራ ዋንዛ ቆርጦ ግንዱን ይከረክማል። ከዚያ በመጥረቢያ እየቀረፈ፣ በመሮ እየፈለፈለ መቀመጫውንና ሦስቱን እግር ከዚያው ከአንዱ ግንድ ያወጣል። ምስማር የለም፣ ሙጫ የለም፣ መጋጠሚያም የለም፤ አንዲት ምት ከሳተች እግሩ ይሰበርና የስንት ቀን ልፋት ማገዶ ይሆናል። መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ይላል። ሦስት እግር ስለሆነም ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ አይንገዳገድም። ቀለም አይቀባም፤ የቤት ጭስና የሰው ገላ በዓመታት ብዛት አጥቁረው ያወዙታል።

የእንጨት ጥበብ በሌላ አገርም አለ። በ1931 የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመልእክተኝነት ጃፓን ሄዱ፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውንም መጽሐፍ ጻፉ። የዚያ አገር ባለሙያ በአንጻሩ እንጨቱን ይሸፍነዋል። ኡሩሺ ከሚባለው ዛፍ ቅርፊቱን ጭሮ ያገኘውን ፈሳሽ በስሱ ሣጥን ላይ ይቀባል፣ እርጥበት ባለው ስፍራ አድርቆ ይፍቃል፣ ደግሞ ይቀባል። ያልደረቀው ቅብ ላይ የወርቅ ብናኝ ነስንሶ አበባና ወፍ ይሥልበታል፤ ይህን ማኪኤ ይሉታል። የዛጎል ስንጣሪም የሚለብጡበት አለ። ያኛው በመጨመር፣ የጅማው በመቀነስ ይጠበባል፤ ትዕግሥታቸው ግን እኩል ነው፣ ክብራቸውም እኩል ሊሆን ይገባል።

በ1932 አባ ጅፋር አረፉ፤ በዚያው ዓመት የጅማ ራስ ገዝነት አበቃ። ከቤት ዕቃቸው የተረፈው በጅማ ሙዚየም ይታያል። መጥረቢያው ግን አላረፈም፤ በጅማ ጊንጆ ሠፈር ቡና የምታፈላ ሴት ዛሬም በርጩማዋን ከከተማው ገበያ ትገዛለች።