የመስክ መኪና ጭስ ማውጫን መቀየር፦ ጉልበት ይጨምራል ወይስ ድምፅ ብቻ?

አቃቂ ቃሊቲ ከጅቡቲ ወደብ ለሚመጣው ጭነት የአዲስ አበባ በር ነው። በቃሊቲና በቱሉ ዲምቱ መካከል ባለው መንገድ ዳር ከከባድ መኪና ጥገና ጎን ለጎን የመስክ መኪኖችን ጭስ ማውጫ የሚበይዱና የሚቀይሩ ጋራዦች ይሠራሉ። ወደ እነዚህ ጋራዦች የሚመጡ ባለንብረቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የበሰበሰውን በአዲስ ሊተካ የሚመጣ ነው። ሌላው ደህና የሆነውን አስቆርጦ፣ ማርሚታውን አስወጥቶ ወይም ሰፋ ያለ ቱቦ አስገጥሞ መኪናው «እንዲተነፍስ» የሚፈልግ ነው። የኋለኛው የሚጠብቀው የበለጠ ጉልበትና ወፈር ያለ ድምፅ ነው። ድምፁን ያገኛል። ጉልበቱን በተመለከተ ግን ነገሩ በሞተሩ ዓይነት፣ በቦታው ከፍታና በቀድሞው ጭስ ማውጫ ሁኔታ የሚወሰን ሲሆን፣ በአብዛኛው ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ነው።

ጭስ ማውጫ ሲባል አንድ ቱቦ ብቻ አይደለም። ከሞተሩ ራስ ጋር የተያያዘው ማኒፎልድ የየሲሊንደሩን ጭስ ሰብስቦ ወደ አንድ መስመር ያስገባል። ቱርቦ ካለ ጭሱ እርሱን አዙሮ ያልፋል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ መርዛማውን ጭስ የሚያጣራው ካታሊስት ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ ማፈኛው ማርሚታና የመጨረሻው ቱቦ ይመጣሉ። ማርሚታ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ድስት ማለትም ነው፣ የመኪና ድምፅ ማፈኛ ማለትም ነው። ቅርጹን ላየ ሰው ስያሜው አይከብደውም። በአሜሪካ የሪቭስ ወንድማማቾች ለሞተር ድምፅ ማፈኛ የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ጩኸቱ ፈረስን ያስደነግጥና መንገደኛን ያስቆጣ ነበር።

ማርሚታው ጭሱን ስለሚያግድ ሞተሩ ለመግፋት ተጨማሪ ሥራ ይሠራል የሚለው ክርክር መሠረት አለው። ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው። በአገራችን ገጠር በስፋት የሚታወቀውን፣ ዋን ኤች ዜድ የተባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር እንውሰድ። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በየደቂቃው ከ5,000 ሊትር በላይ አየር ይስባል፤ ያው አየር ሞቆና ተለጥጦ በጭስ ማውጫው ይወጣል። አዲስ ጭስ ማውጫ የጭሱን መልስ ግፊት በ10 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም በባህር ጠለል ካለው የአየር ግፊት በአንድ አሥረኛ ያህል ቢቀንስለት፣ ሞተሩ ከመግፋት የሚድነው ሥራ 1 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ቢሆን ነው። ሲሊንደሩ ከቀረው ጭስ ይበልጥ ስለሚጸዳ ትንሽ ተጨማሪ ይገኝ ይሆናል። ይህ ሞተር በባህር ጠለል ላይ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ስለሚሰጥ፣ ትርፉ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ መሆኑ ነው። አሽከርካሪው በመሪው ላይ ሆኖ ሊለየው የሚችል ልዩነት አይደለም።

ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ከፍታው የሚወስደው ጉልበት ነው። አቃቂ ቃሊቲ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባህር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ኦክስጅን በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ 130 የተባለው የፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ 105 ይወርዳል። ከሞጆና ከደብረ ዘይት ወደ አቃቂ ጭኖ የሚወጣ ሹፌር «መኪናው ደከመ» የሚለው በአብዛኛው ይህንን ነው። ሃያ አምስቱን የፈረስ ጉልበት የወሰደው አየሩ ነው፤ ማርሚታውን ቆርጦ መጣል አንዱን ወይም ሁለቱን ቢመልስ ነው።

ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች ነገር ይለያል። ቱርቦው የሚዞረው በጭሱ ሲሆን፣ ከቱርቦው በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት በሰፋ መጠን ፈጥኖ ይነሣል። ስለዚህ እንደ ሃይለክስና ፕራዶ ባሉ ባለ ቱርቦ ናፍጣ መኪኖች ላይ ከቱርቦው ቀጥሎ ያለውን ጠባብ ቱቦ በሰፊ መተካት ከዝቅተኛ ዙር ተነሥቶ ሲጎተት የሚሰማ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ያም ሆኖ ትልቁ የጉልበት ጭማሪ የሚመጣው የነዳጁ መጠን በኮምፒውተር ወይም በፖምፓው ሲስተካከል ነው፤ ነዳጅ ሲጨመር ደግሞ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፣ ፒስተኑና ቱርቦው በዚያው ልክ ይጎዳሉ። ለጤፍ ጭነትና ለዳገት የሚፈለግ መኪና ላይ ይህን መሞከር የሚያዋጣ አይመስልም። በሕዝብ አፍ «ቪ ኤይት» ተብሎ የባለሥልጣን መለያ እስከ መሆን የደረሰው ባለ 4.5 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር ከፋብሪካ ሁለት ቱርቦ ይዞ የመጣ ነው፤ እርሱ ጉልበት የሚጎድለው መኪና አይደለም፣ ጭስ ማውጫውን የሚያስቀይርም ቢኖር ለድምፁ ብቻ ነው።

በጋራዦች አካባቢ ሁለት ተቃራኒ አባባሎች ይሰማሉ። አንደኛው «ሰፊ ቱቦ ሁልጊዜ ይሻላል» ይላል። ሌላው «ሞተር ያለ መልስ ግፊት አይሠራም» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሞተር መልስ ግፊትን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጭሱ በቱቦው ውስጥ ፍጥነቱን ጠብቆ እንዲሄድ ነው። አንድ ሲሊንደር የለቀቀው ጭስ በፍጥነት ሲያልፍ ከኋላው የሳሳ ግፊት ይተዋል፤ ይህም የሚቀጥለውን ሲሊንደር ጭስ ስቦ ለማውጣት ያግዛል። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፣ ይቀዘቅዛል፣ መሳቡም ይደክማል። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ የዚህ ውጤት በዝቅተኛ ዙር የሚገኘው ጉልበት መቀነስ ነው። በመረሬ ጭቃ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ለሚወጣ መኪና በጣም የሚያስፈልገው ደግሞ ያ ጉልበት ነው።

እንዲያም ሆኖ ጭስ ማውጫውን ለውጦ መኪናው በእርግጥ የተሻለለት ባለንብረት ጥቂት አይደለም፤ ምስክርነቱም ውሸት አይደለም። ለማርሚታ መበስበስ ዋናው ምክንያት ውኃ ነው፤ አንድ ሊትር ነዳጅ ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መኪናው ረጅም መንገድ ሲሄድ እንፋሎቱ ከነሙቀቱ ተጠራርጎ ይወጣል። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ግን እንፋሎቱ በማርሚታው ውስጥ ቀዝቅዞ ይጠራቀምና ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። በውስጥ ያሉት ክፍልፋዮች ሲወድቁ መውጫውን ይደፍናሉ። ድንጋይ ላይ ተመትቶ የተጨፈለቀ ቱቦና የተደፈነ ካታሊስትም ተመሳሳይ ችግር ያመጣሉ። እንዲህ የታፈነ ሞተር አዲስ ጭስ ማውጫ ሲገጠምለት የሚያገኘው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን የራሱን ጉልበት ነው። የፋብሪካው ዓይነት ማርሚታ ቢገጠምለትም ያንኑ ያገኝ ነበር።

ሌላው የሚያሳስተው ጆሮ ነው። ሞተሩ ሲጮህ አሽከርካሪው የፈጠነ ይመስለዋል። ልዩነት መኖሩን ማረጋገጥ ለሚፈልግ ዘዴው ውድ አይደለም፦ ሥራው ከመሠራቱ በፊትና በኋላ በአንድ ዳገት፣ በአንድ ዓይነት ጭነት፣ በአንድ መነሻ ፍጥነትና ማርሽ ወጥቶ በሰዓት መለካት፤ ነዳጁንም ታንከሩን ሞልቶ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ እንደገና በመሙላት ማስላት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የአየር ፊልትሮውን ማየት ይቀድማል። በበጋ በአቧራ መንገድ የሚሠራ መኪና ፊልትሮው ሲደፈን የሚያጣው ጉልበት ማርሚታው ከሚወስደው ሊበልጥ ይችላል፤ የጎማ ንፋስና የኢንጀክተር ሁኔታም እንዲሁ።

ወደ ድምፁ ሲመጣ ለውጡ እውነተኛና ወዲያው የሚሰማ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 67 ያህል ፍንዳታ ያሰማል፤ ባለ ስድስቱ 100፣ ባለ ስምንቱ ደግሞ 133። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ወጥና የሞላ፣ ባለ አራቱ ሻከር ያለ ድምፅ የሚሰጠው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው፤ በባለ አራት ሲሊንደር መኪና ላይ የትኛውም ማርሚታ ቢገጠም የቪ ኤይት ድምፅ አይወጣም። የፋብሪካ ማርሚታ ጭሱን በክፍሎች ውስጥ እያመላለሰ የድምፅ ሞገዶቹ እርስ በርስ እንዲጠፋፉ ያደርጋል። እንደ ቦርላና ማግናፍሎው ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሯቸው ቀጥ ብለው የሚያሳልፉ ማርሚታዎች ደግሞ ዙሪያው የተበሳሳ ቱቦን ሙቀት በሚችል ጭረት ጠቅልለው ድምፁን ያስመጥጣሉ። እነዚህ ቀጭኑን ጩኸት በደንብ ይውጣሉ፤ ወፍራሙን ጉምጉምታ ግን በከፊል ይተዉታል። በአዲስ አበባ – አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በአንድ ዙር ለአንድ ሰዓት ሲነዳ ይህ ጉምጉምታ በመኪናው ክፍል ውስጥ ያስተጋባል፤ በጋራዡ ደጃፍ ለአምስት ደቂቃ ደስ ያሰኘው ድምፅ አዳማ ሲደረስ ራስ ምታት የሚሆነው በዚህ ነው።

ከመኪናው ውጭ ያለው ሰው ድርሻም አለ። ማርሚታው የተቆረጠ ሞተር ከቱቦው ጫፍ በግማሽ ሜትር ርቀት ሲለካ 100 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል። ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ በዚህ ስሌት በ8 ሜትር 76፣ በ64 ሜትር 58 ዴሲቤል ይሆናል። ግድግዳ ካልከለለው በ250 ሜትር እንኳ 46 ያህል ነው። በኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ መጠን ወሰን እንዲወጣለት የሚያደርግ ሲሆን፣ በወጣው መለኪያ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል ማለፍ አይገባም፤ በኢንዱስትሪ ቀጣና ቀን 75፣ ሌሊት 70 ነው። አቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካና መኖሪያ አጥር ለአጥር የሚዋሰኑባት ክፍለ ከተማ ናት። የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም በዚያው ይገኛል። በአውሮፓ አዲስ የሚሠሩ የቤት መኪኖች የድምፅ ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከ72 ወደ 70፣ ከዚያም ወደ 68 ዴሲቤል ደረጃ በደረጃ እንዲወርድ ተደርጓል። እዚህ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ለቦሎ ሲቀርቡ የተቆረጠውን ማርሚታ መልሶ ማስበየድ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

በከተማዋ ዳርቻ ላም ለሚያልቡና ለሚያርሱ ቤተሰቦች ጉዳዩ ከእንቅልፍ ያልፋል። ላም ወተቷን የምትለቀው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በደሟ ሲሠራ ነው። ድንገተኛ ጩኸት ሲያስደነግጣት የሚመነጨው አድሬናሊን ይህን ሆርሞን ይገታዋል፤ ላሚቱም ወተቷን ትይዛለች። የልቀቱ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ያመለጠው በዚያ እለባ አይመለስም። በመኸር ወቅት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፦ ጭነት ለመውሰድ አውድማ ድረስ የሚገባ መኪና ሙቀት መከላከያው የተነሣ ወይም ዝቅ ብሎ የተበየደ ቱቦ ካለው፣ የጤፍ ጭድ ላይ ሲቆም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ጭድ ባለበት ቦታ ሞተሩን አስነሥቶ ማቆየት አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይሰማውና የማይታየው ነው። በደንብ ያልተበየደ መገጣጠሚያ ወይም ከመኪናው አካል ሥር የሚያልቅ አጭር ቱቦ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ተሳፋሪው ክፍል ሊያስገባ ይችላል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የቤንዚን ሞተር ከናፍጣው እጅግ የበዛ ያወጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው፤ ተሳፋሪው የመንገድ ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል። የኋላ መስኮት ወይም በር ከፍቶ መሄድ ጭሱን ወደ ውስጥ ስለሚስብ ያባብሰዋል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያሉት መኪኖች ረዘም ላለ ጊዜ መሥራታቸው የማይቀር ነው፤ ማርሚታም ደጋግሞ መቀየሩ አይቀርም። በመርካቶ ሱማሌ ተራ ያገለገለ የፋብሪካ ማርሚታ ይፈለጋል፤ በየጋራዡም ከላሜራ ተቆርጦ የሚሠራ አለ። በእጅ የተሠራው ውስጡ ክፍልፋይ እንዳለው ከመዘጋቱ በፊት ማየት ተገቢ ነው፤ ውጪው ድስት መስሎ ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦ ድምፅ አያፍንም። ተራ ብረት ፈጥኖ ይዝጋል፤ የማይዝግ ብረት ዋጋው ቢበዛም በዚያው ልክ ይቆያል። ከማርሚታው ሥር በዝቅተኛው ቦታ ውኃ የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ ካለች፣ በያጁ ፍሳሽ መስሏት እንዳይደፍናት አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ፣ የቱቦው ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ሲያዝ በየመገጣጠሚያው «ሽሽ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ብየዳው ያስተነፍሳል፤ መኪናው ከጋራዡ ከመውጣቱ በፊት እንደገና መበየድ አለበት።