ጭቃና ስደት፦ የፍራንሲስ ኬሬ የሕንፃ ሥራና የዘላቂነት ጥያቄ

በውጭ አገር የሚኖር የተማረ አፍሪካዊ ለትውልድ አገሩ ምን ሊያደርግ ይችላል? ይህ ጥያቄ በየስብሰባችን ይነሣል፤ አብዛኛውን ጊዜም በንግግር ተጀምሮ በንግግር ያበቃል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ የሕንፃ ንድፍ ድርጅት ታሪክ በኩል ለመመርመር እሞክራለሁ። ድርጅቱ በ2005 በበርሊን ከተማ የተቋቋመው ኬሬ አርክቴክቸር ሲሆን፣ መሥራቹ የቡርኪና ፋሶ ተወላጅ የሆነው ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዛሬው ጊዜ «ዘላቂ ግንባታ» የሚባለው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ ከኃይል ቁጠባና ከቁሳቁስ ምርጫ ጋር ብቻ ተያይዞ ይነገራል። የኬሬ ሥራ ግን ከዚያ ያለፈ ትምህርት ይሰጣል፤ ይኸውም አንድ ሕንፃ ዘላቂ የሚሆነው ያሠራሩ ዕውቀት በሚገለገልበት ሕዝብ እጅ ሲቀር ነው የሚል ነው።

ኬሬ በ1965 ጋንዶ በምትባል መንደር ተወለደ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ ላይኛው ቮልታ ትባል ነበር፤ ቡርኪና ፋሶ የሚለውን ስም ያገኘችው በ1984 በቶማስ ሳንካራ ዘመነ መንግሥት ነው። አባቱ የመንደሩ አለቃ ነበሩ። ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት በላኩት ጊዜ ከመንደሩ ልጆች ለመማር የመጀመሪያው እሱ ሆነ። በጋንዶ ትምህርት ቤት ስላልነበረ በሰባት ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ቴንኮዶጎ ወደምትባለው ከተማ መሄድ ነበረበት። የተማረበት ክፍል በሲሚንቶ ብሎኬት የተሠራ፣ ብርሃንና አየር እንደልብ የማያስገባ፣ ከመቶ በላይ ሕፃናት ታጭቀው የሚቀመጡበት ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ያየው ሙቀትና ጨለማ ከጊዜ በኋላ ለሚሠራቸው ሕንፃዎች ሁሉ መነሻ እንደሆነ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል።

በ1985 የአናጢነት ሙያ የሚማርበት የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ በርሊን ሄደ። ቀን ቀን ጣራና የቤት ዕቃ መሥራት እየተማረ፣ ማታ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ተከታተለ። በ1995 በበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ኪነ ሕንፃ ለመማር ሌላ ዕድል አገኘ። ለዕረፍት ወደ መንደሩ እየሄደ ሲመለስ፣ የጋንዶ ሴቶች ከመቀነታቸው ፈትተው ያለቻቸውን የመጨረሻ ሳንቲም ይሰጡት እንደነበር በአንድ ንግግሩ ላይ አስታውሷል። ያቺ ሳንቲም የስንቅ ብቻ አልነበረችም፤ የማኅበረሰቡ ድርሻ ነበረች። ስለዚህ ትምህርቱን እስኪጨርስ አልጠበቀም። በ1998 ከጀርመን ጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ለጋንዶ የትምህርት ቤት ጡቦች» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው ማኅበር አቋቁሞ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። የጋንዶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2001 ተሠርቶ ሲያልቅ መሐንዲሱ ገና ተማሪ ነበር፤ የተመረቀው በ2004 ነውና።

ይህ ትምህርት ቤት ምን አዲስ ነገር እንዳመጣ ለመረዳት፣ በቅድሚያ ስለ ቆርቆሮና ስለ ሲሚንቶ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ በምዕራብ አፍሪካ «ዘመናዊ» የተባለ ሕንፃ ማለት የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ማለት ሆኖ ቆይቷል። ጭቃ የድህነት ምልክት ተደርጎ ተቈጠረ። ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአገራችንም ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ መሸጋገር የኑሮ ዕድገት መለኪያ ሆኖ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ይሁን እንጂ ቆርቆሮ በቀጥታ ከራስ በላይ ሲመታ ፀሐይን ወደ ምድጃነት ይለውጣል። በጋንዶ አካባቢ በበጋ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ቤቱን በማሽን ለማቀዝቀዝ መብራት የለም፤ ቢኖርም የመንደሩ አቅም አይችለውም።

ኬሬ ቆርቆሮውን አልጣለም፤ ቦታውን ግን ለወጠው። ግድግዳዎቹ ከአካባቢው ሸክላ አፈር ጥቂት ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት፣ በእጅ በሚሠራ መጭመቂያ ተረግጦ በተዘጋጀ ጡብ ተሠሩ። ሦስቱ የመማሪያ ክፍሎች በአንድ መስመር ተደርድረው በመካከላቸው ጥላ ያለው ባዶ ቦታ ተተወ። ኮርኒሱም ከዚያው ጡብ ሲሆን፣ ሞቃት አየር የሚወጣባቸው ክፍተቶች አሉት። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ በላይ ከፍ ብሎ፣ ከተራ የአርማታ ብረት በተበየደ ቀጭን ማቀፊያ ላይ ያረፈ ነው። በመስኮት የሚገባው ቀዝቀዝ ያለ አየር ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ በኮርኒሱ ክፍተት አልፎም በሁለቱ ጣራዎች መካከል በሚነፍሰው ነፋስ ይወሰዳል። ከግድግዳው አልፎ የተዘረጋው የክዳኑ ጠርዝ ደግሞ ጡቡን ከዝናብና ከፀሐይ ይጠብቀዋል። ማቀፊያው ከቀጭን ብረት የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ መንደሩ ከባድ ማንሻ መኪና ማስገባት ስለማይቻል፣ ሥራው በእጅ መጋዝና በትንሽ መበየጃ ሊከናወን የሚችል መሆን ነበረበት።

መንደርተኛው ሐሳቡን ወዲያውኑ አልተቀበለውም። የጭቃ ግድግዳ በየክረምቱ ሲፈርስ ያየ ሕዝብ፣ በአውሮፓ የተማረ ልጁ መልሶ ጭቃ ይዞለት ሲመጣ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ኬሬ ጥርጣሬውን በትምህርቱ ደረጃ ወይም በሥልጣን ቃል ለማፈን አልሞከረም። ናሙና እየሠራ አሳየ፤ ሰዎች በሸክላ ቅስት ላይ ወጥተው እየዘለሉ ጥንካሬውን በራሳቸው እግር እንዲፈትኑት አደረገ። ከዚያ በኋላ ሥራው የሁሉም ሆነ። ሕፃናት ለመሠረቱ ድንጋይ አመጡ፤ ሴቶች ለጡቡ ውኃ ቀዱ። ወለሉ በቀድሞው ባህል መሠረት በብዙ እጅ ለሰዓታት ተደብድቦ፣ በድንጋይ ተለስልሶ ተሠራ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የወለሉን ዕውቀት ያስተማሩት እናቶች ናቸው፤ የኮርኒሱንና የማቀፊያውን ዕውቀት ያስተማረው መሐንዲሱ ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ወገኖች በየተራ መምህርና ተማሪ ሆኑ።

ውጤቱም ከሕንፃው አልፎ ሄደ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ 120 የነበሩት ከጊዜ በኋላ 700 ደረሱ። የመንግሥት ባለ ሥልጣኖች የመምህራኑን ደመወዝ ቻሉ። በሥራው ላይ የሠለጠኑ ወጣቶች በሌሎች ሥራዎች ተቀጠሩ፤ ጎረቤት መንደሮችም በዚሁ አርአያነት የራሳቸውን ትምህርት ቤት ለመሥራት ተነሡ። ትምህርት ቤቱ በ2004 የአጋ ካንን የኪነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኬሬ ድርጅቱን አቋቋመ። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርጅቱ ሥራውን አልወለደም፤ ሥራው ድርጅቱን ወለደ እንጂ።

ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሕንፃዎች የዚያው ሐሳብ ቅጥያዎች ናቸው። በ2008 በጋንዶ የተሠራው ተጨማሪ ሕንፃ ኮርኒሱ የጡብ ቅስት ነው። ለመንደሩ ቤተ መጻሕፍት በተነደፈው ኮርኒስ ውስጥ፣ የአካባቢው ሴቶች የሚሠሯቸው የሸክላ ማሰሮዎች ታችና ላያቸው ተቈርጦ ተቀብረው ብርሃን ማስገቢያና አየር ማስወጫ ሆነዋል። በ2016 በኩዱጉ ከተማ የተፈጸመው የሾርዥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከቀይ የላተራይት ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ክፍሎቹ ግቢውን ከበው ቆመው፣ ነፋስ የሚስቡ ማማዎች ተደርገውላቸዋል። በ2021 በሰሜን ኬንያ፣ የእኛው ኦሞ ወንዝ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅ አጠገብ የተሠራው የወጣቶች የሥልጠና ማእከል ደግሞ የአየር ማማዎቹን ቅርጽ የወሰደው ከአካባቢው የምስጥ ኩይሳ ነው።

ከቁሳቁሶቹ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሚሆነው ባሕር ዛፍ ነው። በቡርኪና ፋሶ ይህ ዛፍ መሬት የሚያደርቅ መጤ ተብሎ ይወቀሳል፤ ኬሬ ግን እየቈረጠ ለጥላ መከለያነት አዋለው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን ያቆመውና የገበሬውን መሬት ያደረቀው ይኸው ዛፍ፣ በእኛም ዘንድ ምስጋናና ወቀሳ ተቀላቅሎበት ኖሯል። የአዲስ አበባ ተራ ሰው ቤት በአመዛኙ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃና ቆርቆሮ ነበር። ሦስቱም በጋንዶ አሉ፤ ልዩነቱ በአቀማመጣቸውና በታሰበባቸው ጥናት ላይ ነው።

ስሙ እየገነነ በሄደ ቍጥር ኬሬ ከመንደር ወደ መንግሥት ሥራ ተጠራ። በጥቅምት 2014 የቡርኪና ፋሶ ሕዝብ በብሌዝ ኮምፓዎሬ የ27 ዓመት አገዛዝ ላይ ሲነሣ የአገሪቱ ምክር ቤት ተቃጠለ። ኬሬ ለምትኩ ያቀረበው ንድፍ፣ ዜጎች ጣራው ላይ ወጥተው ከተማቸውን ቁልቁል የሚመለከቱበት ባለ ደረጃ ፒራሚድ ነበር፤ ንድፉ በ2016 በቬኒስ ትርኢት ላይ ቀረበ። ለቤኒን ምክር ቤት በፖርቶ ኖቮ የነደፈው ሕንፃም የሽማግሌዎች ሸንጎ የሚቀመጥበትን ዛፍ ያስታውሳል። በመጋቢት 2022 የፕሪትዝከር ሽልማት ሲሰጠው፣ ይህን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

የታሪክ ጸሐፊ ግን ከሙገሳ ባሻገር ማየት ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ የጋንዶው ጅምር የቆመው በአብዛኛው በውጭ አገር በተሰበሰበ ገንዘብ ነው፤ ብረቱና ሲሚንቶውም ከመንደሩ አፈር አይወጡም። ሁለተኛ፣ ሽልማት በባሕርይው የአንድን ሰው ስም ያነሣል፤ ውኃ የቀዱት ሴቶችና ጡብ የረገጡት ወጣቶች ስም በመዝገብ አይገኝም። ሦስተኛና ከሁሉም የሚከብደው፣ ሕንፃ ሰላምን ሊተካ አለመቻሉ ነው። ከ2015 ወዲህ በተስፋፋው የታጣቂዎች ጥቃት ምክንያት፣ በ2023 በቡርኪና ፋሶ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። በ2022 ብቻ በአገሪቱ ሁለት የመንፈቅለ መንግሥት ለውጦች ተካሂደዋል። ሕዝብ ጣራው ላይ የሚወጣበት ምክር ቤት ሊነደፍ ይችላል፤ ምክር ቤቱን የሚያከብር ሥልጣን ግን በመሐንዲስ ወረቀት አይነደፍም።

ቢሆንም እነዚህ ገደቦች የታሪኩን ዋና ቁም ነገር አይሽሩትም። ብዙዎቻችን በስደት ያገኘነውን ዕውቀት እንደ ግል ንብረት ይዘን፣ አገር ቤት «ሁኔታው ሲስተካከል» የምንመልሰው አደራ አድርገን እናስባለን። ኬሬ ሁኔታው እስኪስተካከል፣ ዲግሪው እስኪያዝ፣ ድርጅቱ እስኪቋቋም አልጠበቀም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተማረውን ነገር እንዳለ አልወሰደውም፤ ሊጠገን፣ ሊደገምና እሱ በሌለበት ሊሠራ በሚችል መልክ ቀይሮ ወሰደው። እኛም ለአገራችን የምናዘጋጀውን እያንዳንዱን ጥናትና እቅድ በዚህ መለኪያ ልንመዝነው ይገባል። እኛ ከሌለን ሊቀጥል የማይችል ከሆነ፣ ያቺን የመጨረሻ ሳንቲም የሰጡንን እናቶች ገና አልከፈልናቸውም።