ከባሕር የወጣው ባቡር

«ምድር ባቡር» የሚለውን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን። መሥሪያ ቤቱም ሠራተኛውም ሲጠራበት ኖሯል። ግን «ምድር» የሚለው ቃል እዚያ ምን ይሠራል? ባቡር በሐዲድ እንጂ በሰማይ አይሄድ። የምድር መባሉ የባሕር የሚባል ሌላ ባቡር ስለነበረ ነው። ባቡር ወደ ቋንቋችን ሲገባ መርከብ ነበር።

የቃሉ ግንድ የላቲኑ «ቫፖር» ነው፤ እንፋሎት ማለት ነው። ጣሊያኖች «ቫፖሬ» ብለው መጀመሪያ እንፋሎቱን ጠሩበት፤ በእንፋሎት የሚሄድ ጀልባ ሲመጣ ደግሞ «ጀልባ» የሚለውን ጥለው በ«ቫፖሬ» ብቻ መርከቡን ይሉት ጀመር። ከዚያ በኋላ ቃሉን የሚያቆመው አልተገኘም። ቱርኮች ከፈረንሳይኛ ወስደው «ቫፑር» አሉት፤ ኢስታንቡል ውስጥ ዛሬም ሰው የሚያሻግረው መርከብ ስሙ ይኸው ነው። ግብፆች «ዋቡር» ብለው መርከቡንም፣ የሐዲዱንም፣ ቆይተው የጋዝ ምድጃውን ጭምር ጠሩበት። ማግሬብ ላይ «ባቡር» ያለ ሰው መርከብ ማለቱ ነው። ሶማሌው «ባቡር» ሲል ግን መኪና ማለቱ ነው።

ለእኛ ማን አቀበለን? ጣሊያን ነው ለማለት የሚያበቃ ነገር አለ። ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ አሰብን የገዛው በ1869 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። በ1870ዎቹ ደግሞ የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር አንኮበር አጠገብ ጣቢያ ተክሎ ነበር። እኔ ግን ዳኝነቱን ለፊደሎቹ እተወዋለሁ። ከጣሊያንኛ በቀጥታ የመጡትን «ፖስታ»ንና «ፓስታ»ን እዩአቸው፤ ፐ ድምፃቸው እንዳለ ነው። አማርኛ ፐን ለመጥራት አይቸገርም። ዐረብኛ ግን ፐ የለውም፣ ቨ የለውም፣ ኦንም ወደ ኡ ይስበዋል። «ቫፖሬ» ሁለት ጊዜ በ ሆኖ፣ ኦው ኡ ሆኖ፣ ጭራው ተቆርጦ «ባቡር» የሆነው በዐረብኛ ተናጋሪ አፍ ካለፈ በኋላ ነው።

የባሕር ቃል በዐረብ ነጋዴ አፍ ወደ ደጋ ሲወጣ በሸዋ በኩል በሩ አሊዩ አምባ ነበረች። ከአንኮበር ቁልቁል፣ ቆላውና ደጋው በሚገናኙበት ተረተር ላይ የተቀመጠች የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አርጎባው፣ የሐረር ነጋዴውና አፋሩ ከደገኛው ጋር ዓርብ ዓርብ ይገናኙባት ነበር። ጨውና ጨርቅ ከባሕር ጠረፍ ይመጣል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ሰውም በባርነት ይወርድ ነበር። ግመል ዳገቱን አይደፍርም። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1841 ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ዕቃው ከቆላው ጫፍ ፋሬ ላይ ከግመል ተራግፎ ወደ አንኮበር የወጣው በሰው ሸክም ነው። በማግስቱ ዓመት ቻርልስ ጆንስተን የተባለው ሐኪም አሊዩ አምባ ላይ ሰንብቶ የከተማዋን ኑሮ ጽፏል። እነዚህ ሰዎች እንዲህ በላይ በላይ መምጣታቸው ያለ ነገር አይደለም። እንግሊዝ በ1839 ኤደንን የያዘችበት አንዱ ምክንያት ከቦምቤይ ወደ ስዌዝ ለሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦቿ የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ፍለጋ ነበር። ቫፖሬው ቀይ ባሕር ገብቶ ነበርና የሸዋም ደጅ መንኳኳቱ አልቀረም።

በዚሁ መንገድ የመጡ ቃላት ብዙ ናቸው። «ቅፍለት» የዐረቡ «ቃፊላ» ነው፤ የነጋዴ ጉዞ። «መርከብ» ራሱ «መርከብ» ከሚለው ዐረብኛ ነው፤ ግሡ «ረኪበ» ሲሆን ተቀመጠበት፣ ጋለበው ማለት ነው። መርከብ ዕቃ የሚረከቡበት ስለሆነ ከ«ተረከበ» የወጣ የሚመስለው ይኖራል። ደስ የሚል ግምት ነው፤ ግን አይደለም። የግእዙ ስም «ሐመር» ነበር፤ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን አካባቢ ብዙም አይወጣም።

አሊዩ አምባን ከመስመር ያስወጣት ይኸው ባቡር ነው። የጅቡቲው ሐዲድ ሥራ በ1897 ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የሲራራ ነጋዴው በሳምንታት የሚገፋውን መንገድ ባቡሩ በቀናት ጨረሰው፤ የአንኮበርንም መንገድ በሩቁ ትቶት አለፈ። የሐዲዱ ሥራ የፈረንሳዮች ቢሆንም ቃላቱ ግማሽ በግማሽ የዐረብ ናቸው፦ «ባቡር» አለ፣ በዐረብኛ ብረት ማለት የሆነው «ሐዲድ» አለ። ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ተርፎ ሰፈር የሆነው «ለገሃር» ነው።

ባሕር ላይ የቀሩት ትልልቆቹ ቫፖሬዎችም ጊዜያቸው ሲደርስ አልቀረላቸውም። በተወሰነ ቀን ከተወሰነ ወደብ ወደ ተወሰነ ወደብ የሚመላለሱ የመስመር መርከቦች ነበሩ፤ ልክ የአገር አቋራጭ ሾፌር «መስመር ላይ ነኝ» እንደሚለው። በ1958 ጄት አውሮፕላን በአትላንቲክ ላይ መንገደኛ ማመላለስ ሲጀምር መስመሩ ከሥራቸው ተነጠቀ። በ1962 የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመጀመሪያውን ቦይንግ ጄት ተረከበ። መርከቦቹ ገሚሱ ለቁራጭ ብረት ተሸጠ፤ ገሚሱ ለሽርሽር ዋለ። ተንሸራሸረ ሲባል የሚሄድበት ሳይኖረው የሄደ ማለት ነውና ከመስመር ፍጹም ተቃራኒው ነው።

ከእነዚህ አንዷ የእኛን ታሪክ ነክታ ያለፈች ናት። ቩልካኒያ ጠቅላላ መጠኗ ወደ 24,000 ቶን የሆነ፣ በ1928 መጨረሻ ከትሪየስቴ ኒውዮርክ መመላለስ የጀመረች የጣሊያን መርከብ ነበረች። ጣሊያን ከኢትዮጵያ ከተባረረ በኋላ፣ በ1942 እና በ1943፣ ነጭ ተቀብታና ቀይ መስቀል ተስሎባት ከሌሎች ሦስት መርከቦች ጋር ወደ በርበራ ወደብ መጣች። ከምሥራቅ አፍሪካ የተሰበሰቡትን የጣሊያን ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ጭነው፣ በስዌዝ ሳይሆን አፍሪካን በደቡብ ጫፏ ዞረው አገራቸው አደረሷቸው። መርከቦቹ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው 28,000 ያህል ሰው ወስደዋል። ከጦርነቱ በኋላ ቩልካኒያ ወደ ኒውዮርክ መስመሯ ተመለሰች፤ በ1965 ተሸጣ ስሟ «ካሪቢያ» ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ሽርሽር ላይ ተሰማራች። በ1972 ኒስ አጠገብ ከድንጋይ ተላትማ ተጎዳች፤ በ1974 ታይዋን ሄዳ ለመፈራረስ በቃች። የሚገርመው ቩልካኒያ አንድ ቀን እንኳ ቫፖሬ አልነበረችም፤ ከመጀመሪያውም የናፍታ ሞተር ነበራት።

መርከቧ ሥራ ስትለውጥ ስም ለውጣለች። ባቡር ግን ስሙን ይዞ ነው ሥራ የቀያየረው። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው ነጋዴ በምኒልክ ዘመን ያስመጣው የእንፋሎት መንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ፤ ሐዲድም ባሕርም አያውቅም። በገጠር ደግሞ የሞተር ወፍጮው ባቡር ሆነ። አህያዋ ላይ ጤፍ ጭና «ባቡር ደርሼ ልምጣ» የምትል ሴት ትኬት ልትቆርጥ አይደለም የምትሄደው፤ ወረፋ ይዛ፣ ልታስፈጭ፣ ዱቄት ተነስንሶባት ልትመለስ ነው። ወፍጮው ናፍታ ሲጨርስም መብራት ሲጠፋም «ባቡር ቆሟል» ይባላል። ባሕር አይተው የማያውቁ ስንት መንደሮች ባቡር አላቸው!

በ2015 አዲስ አበባ ሥራ የጀመረውን «ቀላል ባቡር» አልነው፤ በቀጣዩ ዓመት የተመረቀው የጅቡቲው መስመርም ባቡር ነው። ሁለቱም የሚሄዱት በኤሌክትሪክ ነው።