ወደ አገር ስትገቢ የሻንጣ ኪሎ እንዳያስከፍልሽ

መጀመሪያ ከቤይሩት ወደ አገር ስገባ ሁለት ሻንጣ ነበረኝ። አንዱ 29 ኪሎ፣ አንዱ 17 ኪሎ። ድምሩ 46 ነው፣ የተፈቀደልኝም 46 ነው ብዬ ተረጋግቼ ሄድኩ። ሚዛን ላይ ያለው ሰውዬ ግን ለትልቁ ሻንጣ ትከፍያለሽ አለኝ። በምችላት አረብኛ ተከራከርኩ፣ ሰልፉ ከኋላዬ ረዘመ፣ አፈርኩና 60 ዶላር ከፈልኩ። ለእናቴ ብዬ በእጄ የያዝኩት ብር ነበር። ከኋላዬ የቆመች የአገሬ ልጅ «6 ኪሎ አውጥተሽ ወደ ትንሹ ብታዞሪው ኖሮ ምንም አትከፍይም ነበር» ያለችኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲኬት ላይ የሻንጣ ፈቃድ በሁለት መንገድ ይጻፋል። ከቁጥሩ ጎን «ኬጂ» ወይም «ኬ» ካለ፣ ለምሳሌ 30 ኬጂ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ጠቅላላ ኪሎው ነው። «ፒሲ» ካለ ግን የሚታየው እያንዳንዱ ሻንጣ ነው። 2 ፒሲ ማለት ሁለት ሻንጣ፣ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ እስከ 23 ኪሎ። የአንዱ ትርፍ በሌላው ጉድለት አይካካስም። እኔ የተበላሁት እዚህ ላይ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ደግሞ አንድ ሻንጣ ለብቻው ከ32 ኪሎ ካለፈ ብትከፍይም አብዛኞቹ አየር መንገዶች አይቀበሉሽም፣ የሚያነሱት ሠራተኞች ወገባቸው እንዳይጎዳ ነው።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት ቲኬቱን እይ። የምትቆርጠው ማዳም ከሆነች «ፎቶውን በዋትስአፕ ላኪልኝ» በያት፣ ይሄን መጠየቅ ነውር አይደለም። ርካሹን ፈልጋ ቆርጣ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንድ ርካሽ ቲኬት ደግሞ ወደ ታች የሚገባ ሻንጣ ጭራሽ የለውም፣ 7 ኪሎ የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። በሁለት የተለያየ ቲኬት ትራንዚት የምታደርጊ ከሆነ የሁለቱንም እይ፣ ሁለተኛው አየር መንገድ በራሱ ኪሎ ነው የሚመዝንሽ።

ኪሎ ካነሰሽ ቀድመሽ ግዢ። ከበረራው ቀን በፊት በአየር መንገዱ ቢሮ ወይም በኢንተርኔት የሚገዛ ኪሎ ብዙ ጊዜ ኤርፖርት ላይ ከሚጠይቁሽ ይረክሳል። ቲኬትሽ ላይ ያለውን 6 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ይጠይቁሻል።

ቤት ውስጥ የሰው ሚዛን ካለ ሌላ ነገር አያስፈልግሽም። መጀመሪያ ብቻሽን ውጪበት፣ ከዚያ ሻንጣውን ተሸክመሽ ውጪና ቀንሺ። የቤት ሚዛን ትንሽ ስለሚዋሽ 1 ወይም 2 ኪሎ ክፍት ተዪ። ባዶው ትልቅ ሻንጣ ራሱ 4 እና 5 ኪሎ ይይዛል። አንድ ሊትር ሻምፖ ወደ አንድ ኪሎ ነው፣ ያ ወፍራም ባለአበባ ብርድ ልብስ ደግሞ ከ23 ኪሎሽ ላይ 5 ሊወስድብሽ ይችላል። (እኔ ሁለት ገዝቼ አንዱን ለጓደኛዬ ትቼላት ነው የሄድኩት፣ እስካሁን ትለብሰዋለች።) በማዳበሪያ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ በገመድ አትሰሪ። ዱባይ ኤርፖርት ለምሳሌ ከፈረንጆች 2017 ጀምሮ ክብ የሆነና አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ያልሆነ ዕቃ አይቀበልም።

ኪሎ ሲበዛ ሁላችንም የምናደርገው ከትልቁ አውጥቶ ወደ እጅ ሻንጣ መክተት ነው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ከ100 ሚሊ በላይ የሆነ ሻምፖ፣ ሎሽን፣ ሽቶ ፍተሻ ላይ ይወስዱብሻል፣ ሁለት ዓመት ለፍተሽ የገዛሽው ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ልብስና ጫማ አዙሪ፣ ፈሳሹን እዚያው ተዪው። ፓወር ባንክ ግን በተቃራኒው ነው፣ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ እሳት ስለሚያስነሳ። በር ላይ የእጅ ሻንጣሽ ከብዷል ብለው ወደ ታች ሊጭኑት ከወሰዱ ደግሞ ፓወር ባንኩን፣ ፓስፖርቱን፣ ወርቁንና ብሩን ሳታወጪ አትስጪ። እነዚህን ከመጀመሪያው በትንሽ ቦርሳ ለብቻ መያዝ ይሻላል።

ኪሎ ቢተርፍሽስ? ያኔ ነው ሰው የሚመጣው። «እቺን ለእህቴ አድርሺልኝ፣ ከብዳ አይደለችም» ይላሉ። ከፍተሽ ያላየሽውን፣ በእጅሽ ያልደረደርሽውን ዕቃ አትያዢ፣ የሰፈር ልጅም ብትሆን። ሻንጣው ላይ ያለው ታግ በስምሽ ነው፣ የሚጠየቀውም ስሙ የተጻፈው ሰው ነው። ከአገር ስትመለሺ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቂ። በርበሬና ሽሮ ነው ተብሎ በተሰፋ ከረጢት ውስጥ ጫት ሊኖር ይችላል፣ ጫት ደግሞ ሳዑዲም ኤምሬትስም የተከለከለ ነው፣ ያሳስራል። የተሰፋ ከሆነ ፍቺው፣ ቅር ካላቸው ይውሰዱት።

በካርጎ ልላክ ካልሽ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ጠይቂ፣ እዚህ የምትከፍይውንና አዲስ አበባ ላይ ለማውጣት የሚከፈለውን። ደረሰኝ የማይሰጥሽን ተዪው።

በመጨረሻ፣ የሸኘሽ ሰው ሻንጣሽ ተመዝኖ እስኪገባ እንዲቆይ ለምኚው። የማዳም ሾፌር አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ አውርዶ ይሄዳል፣ ጓደኛ ካለሽ ግን አስከትዪ። ኪሎ ከበዛ ከሰልፍ ውጪ፣ ዳር ሄደሽ ክፈቺና አስተካክዪ፣ የተረፈውን እሷ ይዛ ትመለሳለች። «ትንሽ ቆይ፣ አስተካክዬ እመለሳለሁ» ማለት መብትሽ ነው፣ ሰልፉ ቢረዝምም ባይረዝምም። ለዚህ ጊዜ እንዲኖርሽ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ።