ጦርነት ካለፈ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲል፦ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን



ጦርነት የጎዳው ሰው ሁለት ሕክምና ያስፈልገዋል። አንዱ ሕይወቱን የሚያተርፍ ነው። ሌላው ሕመሙን፣ ፍርሃቱንና እንቅልፍ ማጣቱን የሚያቀልለት ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ሰው ይጎዳል። ዛሬ ይህንን በሰሜን ሸዋ ታሪክ እንየው።

አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መዲና በነበረችበት ጊዜ፣ በ1833 ዓ.ም. በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን መጣ፤ ሐኪምም አብሮት ነበር። ሕዝቡ ግን ያለ ሕክምና አልኖረም፤ ስብራት ሲገጥመው ወጌሻ፣ ጭንቀት ሲበዛበት ጠበል ነበረው። ለኮሶ ትልም ይጠጣው የነበረው ኮሶ በዚያው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ገብቷል። ሁለቱ ሕክምናዎች ጎን ለጎን መኖር የጀመሩት ዛሬ አይደለም።

በጣሊያን ወረራ ዘመን አብዛኛው ቁስለኛ አርበኛ የሚታከመው በወጌሻ ነበር። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መንዝ፣ ዘረት ዋሻ ውስጥ አርበኞች ከቁስለኞች፣ ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ጋር ተጠልለው ሳለ የጣሊያን ጦር የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቀመባቸው። ይህ ጋዝ ቆዳን ያቆስላል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ሳንባን ያቃጥላል። ማርከሻ መድኃኒት ዛሬም የለውም። የሐኪም ሥራ መርዙን ቶሎ አጥቦ ማስወገድ፣ ቁስሉን መንከባከብና ሥቃዩን ማስታገስ ነው። ፈውስ በሌለበት እንኳ ማስታገስ ትልቅ ሕክምና ነው።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ። ደብረ ብርሃን በርካታ ተፈናቃዮችን አስጠለለች። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ሰው በር ሲንኳኳ ቢደነግጥ፣ ሌሊት ቢባንን፣ ራሱንና ወገቡን ቢያመው «ፈሪ ሆነ» አትበሉት። ታሟል፤ ሊታከም ይችላል።

እዚህ ላይ ነው አኩፓንክቸር የሚመጣው። የቻይና የመርፌ ሕክምና ነው፤ ቀጭኑ መርፌ ግን ውስጡ መድኃኒት የለበትም። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ የቻይና ሐኪሞች ቡድን ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ይመላለሳል፤ አዲስ አበባ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ይህን ሕክምና ሰጥቷል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ በሚገኘው ሊንከን ሆስፒታል፣ ከሱስ ለሚያገግሙ ሰዎች ጆሮ ላይ አምስት ነጥቦችን የሚወጋ ዘዴ ተጀመረ። ቆየት ብሎም አደጋና ጦርነት ላፈናቀላቸው ሰዎች ዋለ። ታካሚዎች ተሰብስበው በዝምታ ይቀመጣሉ፤ የደረሰባቸውን መናገር አይጠበቅባቸውም። መናገር ለከበደው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይሠራል ወይ? በ2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በ93 የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ትክክለኛው የመርፌ ሕክምና ከማስመሰያው ይልቅ ከጦርነት በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ጭንቀት እንደቀነሰ አሳይቷል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን አንድ ትንሽ ጥናት ነው። የንግግር ሕክምናንና የሐኪም መድኃኒትን አይተካም። ጥይት ለመታው፣ ለሚደማው ወይም ቁስሉ ላመረቀዘው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሆስፒታል ነው።

ስለዚህ እነዚህን ያዙልኝ፦

1. የመርፌ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይስጣችሁ። መርፌው ከእሽጉ ፊታችሁ ይውጣ፤ አንዴ ያገለገለ ይጣል።
2. በጋራ ምላጭ ዋግምት አትደረጉ። ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋል።
3. ጠበል ስትጠመቁ የሐኪም መድኃኒታችሁን አታቋርጡ።
4. ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።
5. መባነኑና ፍርሃቱ ከአንድ ወር ካለፈ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ራሱን ማጥፋት የሚያስብ ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እናቶቻችን «አይዞህ» ሲሉ እጃቸውን ትከሻችን ላይ ያደርጋሉ። እሱም የማስታገሻው ሕክምና አካል ነው፤ ዛሬ አጠገባችሁ ላለው ሰው አትንፈጉት።

 ለሚያስፈልገው ሰው አጋሩት።