የካርቦን ናኖቲዩብና ብርሃን ሰጪ ኦርጋኒክ ቁሶች

የካርቦን ናኖቲዩብና ብርሃን ሰጪ ኦርጋኒክ ቁሶች ከካርቦን የተገነቡ፣ ከብርሃን ጋር ያላቸው ግንኙነት በአቶሞቻቸው አደራደር የሚወሰን ሁለት የቁስ ቤተሰቦች ናቸው። ናኖቲዩብ የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ገበታ ተጠቅልሎ የሚፈጥረው ቱቦ ነው። ባለ ነጠላ ግድግዳው ዓይነት ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 1 ናኖሜትር፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ አካባቢ ነው። ብርሃን ሰጪ ኦርጋኒክ ቁሶች ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው የሚያበሩ ፖሊመሮችና ትናንሽ ሞለኪውሎች ሲሆኑ፣ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ኦሌድ በሚባለው የስልክና የቴሌቪዥን ስክሪን ነው። የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ድርሻ ጎልቶ የሚታየው በዚህ በሁለተኛው ቤተሰብ፣ በተለይም ሥራውን ገልብጠው የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡ ፖሊመሮች ላይ ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የጋራ መሠረት

ካርቦን ለትስስር የሚያውላቸው አራት ውጫዊ ኤሌክትሮኖች አሉት። በሁለቱም ቤተሰቦች ሦስቱ አቶሙን ከጎረቤቶቹ ጋር አጥብቀው ያስሩታል፤ አራተኛው ግን በአንድ አቶም ሳይወሰን በሰንሰለቱ ወይም በገበታው ላይ ይንሸራሸራል። ለቁሱ ቀለም የሚሰጠው ይህ አራተኛው ኤሌክትሮን ነው። ከያዘው የኃይል ደረጃ ወደሚቀጥለው ባዶ ደረጃ ለመውጣት የሚያስፈልገው ኃይል የኃይል ክፍተት ይባላል፤ የሚንሸራሸርበት መንገድ በረዘመ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል። በርበሬን የሚያቀሉት ካሮቲኖይዶችም ነጠላና ድርብ ትስስር እየተፈራረቀ የሚሄድባቸው ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው።

በአዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ዲኩረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ተክሎና አክስሎ መሸጥ የብዙ ገበሬ መተዳደሪያ ሆኗል። የዚያ ከሰል ዋና ንጥረ ነገር ናኖቲዩብ የተሠራበት ካርቦን ነው። ከሰሉ የጠቆረው መጠናቸው የተለያየ የካርቦን ገበታ ቁርጥራጮች ያለ ሥርዓት ስለተደበላለቁበትና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የሞገድ ርዝመት ስለሚመጥጡ ነው። በናኖቲዩብ ውስጥ አቶሞቹ በሥርዓት ስለተደረደሩ፣ አንድ ቱቦ የተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶችን ለይቶ ይመጥጣል።

የናኖቲዩብ የብርሃን ጠባይ

ገበታው የተጠቀለለበት አቅጣጫ በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ይገለጻል። የቁጥሮቹ ልዩነት ለሦስት ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቱቦው እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ካልተካፈለ ከፊል አስተላላፊ ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉም ዓይነቶች ሲሶው ብረታዊ፣ የቀሩት ከፊል አስተላላፊ ናቸው። በከፊል አስተላላፊዎቹ የኃይል ክፍተቱ ከቱቦው ስፋት ጋር በተቃራኒው ይሄዳል፤ ቀጭኑ ሰፊ ክፍተት፣ ወፍራሙ ጠባብ ክፍተት አለው። 6 እና 5 በሚሉት ቁጥሮች የሚታወቀው ቱቦ ወደ 570 ናኖሜትር የሚጠጋ ብርሃን መጥጦ 980 ናኖሜትር ገደማ የሆነ፣ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ያወጣል።

ይህ ብርሃን ለዓመታት ተሰውሮ የቆየበት ምክንያት ነበረው። ቱቦዎቹ በባሕርያቸው እየተጣበቁ ነዶ ይሆናሉ፤ በነዶው ውስጥ ከፊል አስተላላፊው የመጠጠውን ኃይል ብረታዊው ጎረቤቱ ስለሚቀበለው ኃይሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በ2002 በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱቦዎቹን በሳሙና መሰል ውሁድ ውስጥ በድምፅ ሞገድ ነጣጥለው፣ እያንዳንዱ ዓይነት በራሱ የሞገድ ርዝመት እንደሚያበራ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በድብልቅ ውስጥ ያሉትን የቱቦ ዓይነቶች ከብርሃናቸው ለይቶ ማወቅ ተቻለ። በ2003 የአይቢኤም ተመራማሪዎች ከአንድ ናኖቲዩብ በኤሌክትሪክ ብርሃን አወጡ። በ2005 የታተሙ ጥናቶች ደግሞ ብርሃኑ የሚመነጨው ከነፃ ኤሌክትሮን ሳይሆን ከኤክሳይተን፣ ማለትም ተሳስበው ከተያያዙ ኤሌክትሮንና ቀዳዳ (ኤሌክትሮን የጎደለበት ቦታ)፣ መሆኑን አረጋገጡ። በፖሊመሮችም ያው ነው፤ ሁለቱን ቤተሰቦች በአንድ መጣጥፍ ማየት ተገቢ የሚሆነውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ናኖቲዩብ ብርሃን ከማውጣት ሌላ ብርሃንን አጥምዶ ለማስቀረትም ያገለግላል፤ በ2014 የእንግሊዙ ሰሪ ናኖሲስተምስ ይፋ ያደረገው ቫንታብላክ ቀጥ ብለው ከቆሙ ናኖቲዩቦች የተሠራ ሽፋን ሲሆን ከሚያርፍበት ብርሃን 99.965 በመቶውን ይመጥጣል።

ማን አገኘው?

ብዙ መጻሕፍት የናኖቲዩብን ግኝት ለጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ ይሰጣሉ። ኢጂማ በ1991 በኤንኢሲ ኩባንያ ሲሠሩ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩትን ባለ ብዙ ግድግዳ ቱቦ በኔቸር መጽሔት አሳተሙ። ቀዳሚነቱ ግን አከራካሪ ነው። ሶቪየታውያኑ ራዱሽኬቪችና ሉክያኖቪች በ1952 በሩሲያኛ ባሳተሙት ጽሑፍ 50 ናኖሜትር ያህል ስፋት ያላቸው የካርቦን ቱቦዎች ምስል ይገኛል። ጽሑፉ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ከሩሲያኛ አንባቢ ውጭ ብዙም አልተሰማም። በ1976 ኦበርሊን፣ ኤንዶና ኮያማ ቤንዚን (benzene) የተባለውን ውሁድ በሙቀት በመበተን ባዶ ውስጥ ያላቸውን ቃጫዎች አሳዩ፤ ከምስሎቻቸው አንዱ ነጠላ ግድግዳ ያለው ቱቦ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። በ1987 ደግሞ ሃዋርድ ቴነንት ለሃይፔሪዮን ኩባንያ በቀጫጭን የካርቦን ቃጫዎች ላይ ፓተንት አገኙ። ከዚያም ወደ ኋላ የሚሄዱ ሰዎች ከሚቴን ጋዝ የካርቦን ቃጫ ስለማብቀል የሚናገረውን የ1889 የአሜሪካ ፓተንት ይጠቅሳሉ፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ይህን ያህል የረቀቀ ነገር የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። በ2006 የድሬስደን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራ የደማስቆ ሰይፍ ብረት ውስጥ ናኖቲዩብ መገኘቱን ገለጸ።

ሞንቲዩና ኩዝኔትሶቭ በ2006 ካርቦን በተሰኘው መጽሔት ይህንኑ ጥያቄ አንስተው ቀዳሚዎቹን ዘርዝረዋል። ከብርሃን አንፃር ሲታይ ግን ከ1991 ይልቅ 1993 ሊቀድም ይገባል። በዚያ ዓመት ሰኔ ኢጂማና ኢቺሃሺ በአንድ ወገን፣ የአይቢኤሙ ቤቱንና ባልደረቦቹ በሌላ ወገን ባለ ነጠላ ግድግዳውን ቱቦ በአንድ የኔቸር እትም አወጡ፤ ከላይ የተነገረው የብርሃን ጠባይ የዚህ ዓይነቱ ቱቦ ነውና።

ብርሃን ሰጪ ኦርጋኒክ ቁሶች

ፈረንሳዊው በርናኖዝ በ1950ዎቹ፣ የኒው ዮርኩ ማርቲን ፖፕ በ1963 ከኦርጋኒክ ቁስ በኤሌክትሪክ ብርሃን አውጥተው ነበር፤ የፖፕ የአንትራሲን ክሪስታል በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈልግ ነበር። ታንግና ቫንስላይክ በ1987 በኮዳክ ኩባንያ ሁለት ስስ ንብርብሮችን አነባብረው ከ10 ቮልት በታች የሚሠራ አረንጓዴ ኦሌድ ሠሩ። በ1990 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከፖሊመር ብርሃን አወጣ። ከኤክሳይተኖች ሩቡ ብቻ በቀላሉ የሚያበራ መሆኑ ትልቅ እንቅፋት ነበር፤ በ1998 ፎረስትና ቶምፕሰን ከባድ ብረት ያለው ሞለኪውል በመጨመር፣ በ2012 አዳቺ ያለ ከባድ ብረት የቀሩትንም እንዲያበሩ አደረጉ። ፖሊመር ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ እንደሚችል በ1977 ላሳዩት ለሺራካዋ፣ ለሂገርና ለማክዲያርሚድ በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሰጥቷል።

በኢትዮጵያና በኢትዮጵያውያን

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ምሁራን፣ ከስዊድኑ የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኦሌ ኢንጋኔስ ጋር በመሆን፣ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ፖሊመሮች ላይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሠርተዋል። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ድጋፍ ሰጥቷል። ኢንጋኔስ በ1994 በኔቸር የታተመውንና የፖሊመር ድብልቅ በቮልቴጅ ለውጥ የብርሃኑን ቀለም እንደሚቀያይር ያሳየውን ሥራ ከጻፉት አንዱ ናቸው፤ የአራት ኪሎ ተመራማሪዎች የተባበሩት በመስኩ ግንባር ቀደም ከሆነ ላቦራቶሪ ጋር ነበር ማለት ነው።

ተከተል ዮሐንስ፣ ቴዎድሮስ ሰለሞንና ኢንጋኔስ በ1996 ያሳተሙት ጥናት ፖሊ(3-ሜቲልታዮፊን) የተባለውን ፖሊመር ብርሃን ተቀባይ አድርጎ ሠርቷል። በፈሳሽ ኤሌክትሮላይት ምትክ አዮዲን ያለበት ፖሊመር ገባ፤ ፈሳሽ ይደርቃል፣ ይፈሳል፤ ጠጣሩ ግን ከሁለቱም ችግር ነፃ ነው። ተከተል ኋላ የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ሥራ አስፈጻሚ ዳይሬክተር ሆነዋል።

ቀጣዩ ፈተና የፀሐይ ብርሃን ራሱ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ፖሊመሮች ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ሲመጥጡ ቀዩንና ኢንፍራሬዱን ያሳልፉት ነበር፤ ከፀሐይ ከሚመጣው ኃይል ብዙው ደግሞ ያለው በዚያ በኩል ነው። ኬሚስቱ ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድኑ የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ማትስ አንደርሰን ጋር የኃይል ክፍተታቸው የጠበበ የፖሊፍሎሪን ዝርያዎችን በማዘጋጀት ተሳተፉ። ዘዴው ኤሌክትሮን ሰጪና ተቀባይ ክፍሎችን በአንድ ሰንሰለት ላይ ማፈራረቅ ነው። ከነዚህ ፖሊመሮች በአንዱ ስለተሠራ የፀሐይ ሴል የሚገልጸውን የ2007 ጽሑፍ ወንድማገኝ ከሽመልስ አድማሴ፣ ከዓባይ ጋዲሳና ከሌሎች ጋር አሳትመዋል። ዓባይ በ2006 በሊንሾፒንግ ዶክትሬታቸውን ያገኙት በፖሊመርና ፉለሪን በተባለው የካርቦን ሞለኪውል ድብልቅ የፀሐይ ሴሎች ላይ ነው።

ሽመልስ በዚያው በ2006 ፔዶት የተባለው ፖሊመር በእንፋሎት ተሠርቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ኤሌክትሮድ እንደሚሆን ካሳዩት ተመራማሪዎች መካከል ናቸው። በስክሪንም በፀሐይ ሴልም ይህን ሥራ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ኢንዲየም ያለበት ኦክሳይድ ነው፤ ኢንዲየም ውድ ነው፣ ኦክሳይዱም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስስ የናኖቲዩብ ንጣፍም ለዚሁ ቦታ ይታጫል።

ወደ ብርሃን ማመንጨቱ የቀረበው የደስታ ገበየሁ ሥራ ነው። ደስታ በኦስትሪያ ሊንዝ በፖሊመር የፀሐይ ሴሎች ላይ ከሠሩ በኋላ በድሬስደን ከካርል ሊዮ ቡድን ጋር በመሆን በ2005 ደማቅ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ ኦሌድ አሳትመዋል። ሰማያዊ ሰፊ የኃይል ክፍተት ስለሚፈልግ ከቀለሞች ሁሉ አስቸጋሪው ነው፤ ቡድኑ ኤሌክትሪክ አመላላሽ ንብርብሮቹን በሌላ ሞለኪውል በመበረዝ የሚያስፈልገውን ቮልቴጅ ዝቅ አደረገ።

በአገር ቤት ጥረቱ ወደ ናኖቲዩብ ሳይሆን ወደ ፖሊመር ያደላው በሥራው ባሕርይ ይመስላል። ፖሊመር በብልቃጥ ይዘጋጃል፣ በመስታወት ላይ ፈስሶና ተሽከርክሮ ንጣፍ ይሆናል። ናኖቲዩብ ከፍተኛ ሙቀት ያለው ምድጃና ጥራቱን የሚያሳይ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል።

አጠቃቀም

በአዊ ዞን ከተሞች በግምጃ ቤት፣ በእንጅባራና በዳንግላ እንደ ሌላው አገር ሁሉ ኦሌድ በሰው እጅ የሚገባው በስልክ ስክሪን ነው። በኦሌድ ስክሪን ጥቁር የሚታየው ነጥብ ጨርሶ የጠፋ ስለሆነ ባትሪ አይበላም፤ በኤልሲዲ ግን የጀርባው መብራት ሁልጊዜ እንደበራ ነው። የገጠር ቤት የሚያበሩት የፀሐይ ፋኖሶች ብርሃን ኦሌድ አይደለም፤ ነጩ ብርሃን የሚወጣው ጋሊየም ናይትራይድ ካለበት ተራ ኤልኢዲና ከላዩ ከተቀባው ቢጫ ፎስፈር ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው ፓኔልም ሲሊከን ነው።