ዲሹ ከጣሪያ ይወርዳል?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለጎጃሟ አምበር ሰው የአዲስ አበባ ወሬ ነበር። በ1977 ምስሉ ቀለም አገኘ፤ ግን በቴሌቪዥን የሚታየው ለብዙ ዘመን ያው አንድ የመንግሥት ጣቢያ ነበር። ይህን ያበቃው ኢንተርኔት አይደለም፣ ዲሽ ነው። ኢቢኤስ በ2000 ገደማ፣ ቃና በ2008 ሲመጡ፣ ከአምበር እስከ ሞጣ ዲሽ የሰቀለ ሰው የአዲስ አበባ ሰው የሚያየውን በዚያው ሰዓት አየ። ቃና በአማርኛ የተረጎማቸው የውጭ ድራማዎች የአገር ውስጥ ባለሙያዎችን ቅሬታ ቢያስነሡም የተመልካቹን ማታ ወሰዱ። ጣቢያዎቹ ከናይልሳት ሳተላይት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ደግሞ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን በቁልፍ እያላላ «መጣ?» ይል፣ ከቤት ያለው «ገና!» ይመልስ ነበር። ማስተካከሉ አድካሚ ነው፤ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ግን ዲሹ ወርኃዊ ክፍያ አይጠይቅም። የዲሽ ድል ምሥጢር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዩቲዩብ ግን በየደቂቃው የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል፤ ኔትፍሊክስ ደግሞ ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ ይፈልጋል፣ ይህም በአገራችን የጥቂቶች ነው።

«ወጣቱ ስልኩ ላይ ነው፣ የአማርኛ ፊልምም ዩቲዩብ ገብቷል፣ ሳፋሪኮም ከመጣ ወዲህ ውድድርም አለ» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የፊልም ገበያው ከካሴትና ከሲዲ ወደ ዩቲዩብ ተሻግሯል፣ ይህ የሚመለስ አይመስለኝም። ነገር ግን የፊልም መሸጫው መቀየርና የቤተሰብ ማታ መቀየር አንድ አይደለም። ኢንተርኔት ደግሞ ሊቋረጥም ይችላል፤ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፣ መዘጋቱም ለወራት ቀጠለ። መብራት እስካለ ድረስ ዲሹ ሠራ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የባትሪ ድንጋይ ያላት ሬዲዮ ቀረች። ሰማዩም ቢሆን የማይታወክ እንዳይመስለን፦ ኢሳት የተባለው የሳተላይት ጣቢያ ስርጭቱ በተደጋጋሚ ታፍኖበታል። ልዩነቱ የሳተላይት ጣቢያን ለማፈን ሌላ ሞገድ መልቀቅ ሲያስፈልግ፣ የአንድን ክልል ኢንተርኔት ለመዝጋት ግን ትእዛዝ ብቻ መብቃቱ ነው።

ስለዚህ ኢንተርኔቱ ቴሌቪዥንን ያስወጣዋል ከማለት ይልቅ ፊልሙን ይነጥቀዋል ማለት ይቀላል። ያንንም ቢሆን የትንሽ ከተማ ሰው ሁልጊዜ ከመስመር ላይ አያየውም፤ ሚሞሪውን ይዞ ሞባይል ቤት ሄዶ ያስጭናል፣ ከዚያም ለጓደኛው ይልካል። አንድ ሰው ባወረደበት ጥቅል ስንት ቤት ያያል። ይህን ልማድ ለመሻር ቴክኖሎጂው መኖሩ አይበቃም፣ የጥቅሉ ዋጋ መውረድ አለበት።